አልባኒያ ሄጄ መጣሁ፤ ሂሳቡ ይኸውላችሁ

አልባኒያ የሚባለውን ስም የለመድኩት ከጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም፤ ከአባቴና ከጓደኞቹ ክርክር ነው። በነሱ ዘመን ግራ ዘመም የሆነ ሁሉ አንድ «ትክክለኛ» አገር ነበረው። አንዱ ሞስኮ ይላል፣ ሌላው ፔኪንግ። በ1985 ሕወሓት ውስጥ የተመሠረተው ማሌሊት (የትግራይ ማርክሲስት ሌኒኒስት ሊግ) ደግሞ ሁለቱንም ማርክሲዝምን የበረዙ ከላሾች ናቸው ብሎ ትቶ የአልባኒያን ዋና ከተማ ቲራናን አደነቀ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያኔ የኮሚኒስቱ አምባገነን የኤንቨር ሆጃ አገር በሯን ጠርቅማ ነበር፤ ዜጋው እንደልቡ አይወጣም፣ የውጭ ሰው እንደልቡ አይገባም። ስለዚህ አድናቆቱ በሩቁ ነበር። አሁን ያቺ አገር ቱሪስት ኑልኝ ትላለች፣ እኔም ሶሻሊዝሟን ልመረምር ሳይሆን ከፍዬ የምበላ፣ ከፍዬ የማድር ደንበኛ ሆኜ ሄድኩ። የምጽፈውም እንደ ደንበኛ ነው።

ቸኩላችሁ ከሆነ አስተያየቴ ይሄ ነው፦ አልባኒያ ውስጥ አሠራር ሳይሆን ሰው ፈልጉ። የተለጠፈ ሰዓት፣ የተጻፈ ዋጋ፣ ዝርዝር ያለው ደረሰኝ ብዙ ቦታ አታገኙም። ግን ሁልጊዜ አንድ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ያ ሰው እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል፣ ካስፈለገም ሥራውን ትቶ። ሁሉን ነገር ስልኩ ላይ ማረጋገጥ የለመደ አውሮፓዊ እዚህ ይጨነቃል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ግማሹን ትምህርት ጨርሶ ነው የሚገባው።

የምኖረው ጣሊያን ስለሆነ የሄድኩት በመርከብ ነው፤ ከጣሊያኑ ወደብ ከባሪ ማታ ተነስቶ ጠዋት የአልባኒያው ወደብ ዱረስ ይገባል። አውሮፕላንም አለ። ቲራና አጠገብ ያለው አየር ማረፊያ በማዘር ተሬዛ ስም ነው የሚጠራው፤ ስድስት ኪሎ ያለውን የመነኮሳቶቿን ቤት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ስለሌለ ይሄ ስም ለኛም እንግዳ አይደለም። ወላጆቿ አልባኒያውያን ናቸው፣ እናቷና እህቷ ቲራና ይኖሩ ነበር፤ መንግሥት ግን እነሱን እንድታይ አላስገባትም። አገሪቱን የረገጠችው በ1989 ነው፣ ሁለቱም ካረፉ በኋላ።

መርከቡን የመረጥኩት የባሪና የዱረስን ታሪክ ስለማውቅ ነው። በነሐሴ 1991 ቭሎራ የምትባል የጭነት መርከብ ዱረስ ላይ ቆማ ሳለ ሕዝብ ወረራትና 20 ሺህ ያህል ሰው ጭና ባሪ ገባች። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል፤ ሰው በምሰሶው፣ በገመዱ፣ በመሰላሉ ላይ ሁሉ ተንጠልጥሎ። አብዛኛውን ጣሊያን መልሳ ላከችው። ዛሬ በዚያው መስመር ጣሊያኖቹ ናቸው ወደዚያ የሚሄዱት፣ ለባህሩም፣ ጥርስ ለማሳከምም፣ ርካሽ ስለሆነ። ባሕር አቋርጦ አውሮፓ የገባ ወገን ያለው ሁሉ ይሄንን ሲሰማ የሆነ ነገር ውስጡ ይላወሳል፣ እኔንም እንዲሁ። ስለ መርከቡ አገልግሎት የምለው ትንሽ ነው። ወንበር ብቻ አትቁረጡ፣ ካቢን ያዙ። ወንበሩ ያለበት ክፍል ሌሊቱን ሙሉ መብራት አይጠፋበትም፣ የከባድ መኪና ሾፌሮቹ ደግሞ ካርታ ጨዋታቸውን ከጀመሩ አያቆሙም።

ዱረስ ወደብ ላይ ፖሊሱ መኖሪያ ፈቃዴን አገላብጦ አየ፣ ማህተሙን መታ፣ አለቀ። የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም። ከዚህ በፊት የተገባበት የብዙ ጊዜ መግቢያ ሸንገን ቪዛም ያስገባል። ሕግ ነውና ሊቀየር ይችላል፣ ከመነሳታችሁ በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸውን ገጽ ተመልከቱ።

ከበሩ ስትወጡ ባለታክሲዎች ይከቧችኋል። አንዱ ቲራና ለመውሰድ የጠየቀኝ ዋጋ ባሕሩን ለመሻገር ከከፈልኩት ብዙም አያንስም። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ፤ «አውቶቡሱ እዚያ ነው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ሊነጥቀኝ የነበረ ሰው ነው መንገድ ያሳየኝ። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ነጣቂ አላጋጠመኝም።

ስለ ገንዘቡ በደንብ አንብቡ፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘባቸው ሌክ ይባላል፣ አንድ ዩሮ ወደ 100 ሌክ ይጠጋል። ሂሳቡ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ1965 መንግሥት ከገንዘቡ ላይ አንድ ዜሮ ቀንሷል፣ ሕዝቡ ደግሞ እስከ ዛሬ በአሮጌው መቁጠሩን አልተወም። 150 ሌክ የሆነውን ቲማቲም ሴትዮዋ «1500» ትላችኋለች። ልታጭበረብር አይደለም፤ እናቷም እንዲሁ ነበር የምትቆጥረው። መፍትሔው ስልካችሁን አውጥታችሁ ቁጥሩን እንድትጽፍላችሁ መስጠት ነው፤ ስትጽፍ ሁልጊዜ በአዲሱ ነው የምትጽፈው። ይሄን ልማድ የሚጠቀምበት አጭበርባሪ የለም አልልም፣ በተለይ ታክሲ ላይ። ኤቲኤሞቹ ደግሞ በእያንዳንዱ ማውጣት ላይ ብዙ መቶ ሌክ ኮሚሽን ይቆርጣሉ፣ ስለዚህ ጥሬ ዩሮ ይዛችሁ ሂዱና ምንዛሪ ቤት ቀይሩ። ካርድ የሚቀበለው ትልልቁ ቦታ ነው። ፉርጎን ላይ ካርድ ብታወጡ ረዳቱ ለሳምንት የሚያወራው ቀልድ ትሆናላችሁ።

ፉርጎን ካልኩ ላስረዳ፤ ሚኒባስ ታክሲ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሲሞላ ይነሳል። መስታወቱ ላይ የከተማው ስም የተጻፈበት ካርቶን አለ። ረዳቱ ይጮሃል፣ ሻንጣችሁን ነጥቆ ከኋላ ይወረውረዋል፣ የሚከፈለው ስትወርዱ ነው። ትልልቆቹ አውቶቡሶች ሰዓት አላቸው፣ ሰዓቱን ግን የሚያውቁት ሾፌሮቹ ናቸው። ባቡር አታስቡ፤ የቲራና ባቡር ጣቢያ በ2013 ተዘግቶ ፈርሷል። እስከ 1991 ድረስ ደግሞ ተራ ሰው የግል መኪና እንዲኖረው አይፈቀድም ነበር። ያ ክልከላ ሲነሳ አገሩ በአሮጌ መርሴዲስ ተጥለቀለቀ፣ ዛሬም ገጠር መንገድ ላይ ፈረስ ጋሪ የሚቀድመው መርሴዲስ ነው። አነዳዳቸው? ቀለበት መንገድ ላይ ያረጀ ሰውም ቢሆን አይኑን ይጨፍናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አልባኒያውያን፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ «አዎ» ሲሉ ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው የሚያወዛውዙት። በራት ወደምትባለው ከተማ ስትሄዱ ሾፌሩን «በራት ነው?» ስትሉት ራሱን ቢያወዛውዝ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትሄዱ፤ ግቡ።

ወደ በራት ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጣሊያንኛ ይናገሩ ነበር። በሆጃ ጊዜ የራይ ቴሌቪዥንን ተደብቀው በማየት ነው የተማሩት፣ አንቴናውን ማታ ያዞራሉ፣ ጠዋት ይመልሳሉ። በነሱ ዕድሜ ያለ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የተማረው፣ ስለዚህ ጣሊያንኛ የምትችሉ ካላችሁ ከእንግሊዝኛ ይልቅ እሱ ይሠራል፤ ወጣቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ይችላል። ከየት ነሽ አሉኝ።

«ከኢትዮጵያ ነኝ።»

«አበበ ቢቂላ!» አሉና ጫማቸውን አሳዩኝ፤ ባዶ እግሩን ሮጠ ለማለት። ትንሽ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የናንተም የኛም ንጉሥ እኮ አንድ ሰው ነበር፤ ታውቂያለሽ?»

«ማንን ነው የሚሉኝ?»

«ያ አጭሩን ነዋ!»

የጣሊያኑን ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌን ነው። ሙሶሊኒ በ1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነህ አለው፣ በ1939 ደግሞ አልባኒያን ወርሮ የአልባኒያ ዘውድ ጨመረለት። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምን እንደሚያስቀን ሲጠይቅ አዛውንቱ በአልባኒያኛ ተረጎሙላቸው፣ ከዚያ በኋላ እስከ በራት ድረስ ብርቱካን በእጄ ላይ ማን እንዳስቀመጠ እንኳ አላውቅም። ለዚህ ሁሉ የከፈልኩት ከ500 ሌክ ብዙም አልራቀም።

ቲራናን ወደ ኋላ ልመለስባት። ከተማዋ ቆንጆ ናት ብዬ አልዋሽም። ደስ የምትል ናት። በኮሚኒስት ጊዜ የተሠሩት ግራጫ አፓርታማዎች በብርቱካንማ፣ በአረንጓዴ፣ በወይን ጠጅ ቀለም ተቀብተዋል፤ ይሄን ያስደረገው በ2000 ከንቲባ የሆነው ሠዓሊው ኤዲ ራማ ነው፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። አንዳንዱ ቀለም ለቋል፣ ከላዩ ላይ የልብስ ማድረቂያ ገመድና የአየር ማቀዝቀዣ ተንጠልጥሎበታል፤ ደስ ይላል ያልኩት እሱንም ጨምሬ ነው። መሃሉ ላይ የስካንደርበግ አደባባይ አለ፣ መኪና የማይገባበት ሰፊ ሜዳ። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚሄደው ቀጥ ያለ ጎዳና መጨረሻው ላይ ከሚቆሙት ሕንጻዎች ፊት ስደርስ ግን የማውቀው ቦታ መሰለኝ። አልተሳሳትኩም። የጎንደርን የጣሊያን ጊዜ ማስተር ፕላን የነደፈው የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦሲዮ፣ ጣሊያን አልባኒያን ስትይዝ ወደ ቲራና ተልኮ የዚህንም ፕላን ሠርቷል። ያ የፋሺስት ፓርቲ ቤት የነበረው አሁን የፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጎንደር ፒያሳ ላይ ቆሞ የፖስታ ቤቱን ሕንጻ ያየ ሰው እዚህም ያንኑ እጅ ያውቀዋል። ሁለቱም ከተሞች የወራሪውን ቤት አላፈረሱትም፤ ገብተው ይጠቀሙበታል።

አሁን ወደ ቡናው። እኔ ቡና ላይ ለማንም አላዝንም፣ እንኳን ለአልባኒያ። ግን ጥሩ ነው! በየመንገዱ ካፌ፣ በየካፌው ሰው፣ ቀኑን ሙሉ። ማኪያቶ ብላችሁ ማዘዝ ነው፣ አስተናጋጁ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም፤ እንደኛው ከጣሊያን የተረፈ ነገር ነው፣ እንደኛውም የራሳቸው አድርገውታል። ዋጋው ከአንድ ዩሮ ብዙም አይዘልም። አንድ ሲኒ ይዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ነውር አይደለም፣ ቀና ብሎ የሚያይህም የለም። ከቡናው ጋር ሳትጠይቁ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይመጣል። ማታ ማታ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ለብሶ ለወግ ይወጣል፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር፣ ፍቅረኛሞች፣ ጡረተኞች፤ ሴት ብቻዋን እኩለ ሌሊት ድረስ ብትንሸራሸር የሚነካት የለም፣ ይሄን ከጓደኛዬ ጋር ሆነንም ለብቻዬም አይቼዋለሁ። የማይመቸኝ ሲጋራው ነው። ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ በሕግ ክልክል ነው፣ ብዙ ካፌ ውስጥ ግን ሕጉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሥሩ ይጨሳል።

ቲራና ውስጥ ገንዘብ ከፍላችሁ ልትገቡበት የሚገባው ዋናው ነገር ስለዚያ ዘመን የተሠሩት ሙዚየሞች ናቸው። ሆጃ ከ1944 ጀምሮ በ1985 እስኪሞት ገዛ። በመጀመሪያ ከዩጎዝላቪያ ጋር ተጣላ፣ በ1961 ከሶቪየት፣ በ1978 ከቻይና። ወዳጅ ሲያልቅበት አገሩን በሙሉ በሲሚንቶ ምሽግ ሞላው፣ ከ170 ሺህ በላይ ነው የሚባለው። እርሻ መሃል፣ ባሕር ዳር፣ መቃብር አጠገብ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁሉ የኮንክሪት እንጉዳይ በቅሏል። ጦርነቱ አልመጣም። የሰዉ ቤት ሳይሠራ ሲሚንቶው እዚያ አለቀ።

ከትልልቆቹ ምሽጎች ሁለቱ ሙዚየም ሆነዋል። ባንክአርት 1 ከከተማው ወጣ ብሎ ዳይቲ ተራራ ሥር ነው፣ ለራሱ ለሆጃና ለጦሩ አለቆች የተቆፈረ፣ ከ100 በላይ ክፍል ያለው። ባንክአርት 2 መሃል ከተማ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለው ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ሁለተኛውን እዩ። መግቢያው ላይ ያለው ጉልላት ውስጡ በተገደሉ ሰዎች ፎቶ ተሞልቷል፤ ቀና ስትሉ ከላይ ያዩዋችኋል። ሦስተኛው፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የቅጠሎች ቤት የሚባለው ነው። መጀመሪያ የማዋለጃ ክሊኒክ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የናዚው ጌስታፖ ገባበት፣ ከዚያ ሲጉሪሚ የሚባለው የሆጃ የስለላ ድርጅት የስልክ ጠለፋውን የሚሠራበት ሆነ። በ2017 ለሕዝብ ተከፈተ፣ በ2020 የአውሮፓ ምክር ቤትን የሙዚየም ሽልማት አገኘ። ውስጡ ደም የለም። ማይክሮፎን፣ ቴፕ መቅጃ፣ ካሜራ፣ የሰነድ ክምር፣ እና እንደዚያ ዘመን ተደርጎ የተዘጋጀ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን። ሶፋው ላይ ጥልፍ ጨርቅ ተነጥፏል። እናቴ ቤት ያለችውን ዓይነት ጨርቅ። የቀበሌን ጆሮ ፈርቶ የሬዲዮ ድምፅ በሚቀንስ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው እዚያ ሳሎን ውስጥ ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልገውም።

መስቀል አደባባይ አጠገብ ካለው፣ በ2010 ከተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ጋር ማወዳደሬ አልቀረም። የኛው ትንሽ ነው፣ የሟቾቹ አጥንትና ፎቶ ፊት ለፊት ነው የሚያፈጥባችሁ፣ ወጥታችሁ ቀኑን ሙሉ ምግብ አይበላላችሁም። የነሱ በብርሃን፣ በድምፅ፣ በአቀማመጥ በጣም የተካነ ነው፣ ስለ አሠራሩ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ግን ከአንዱ ወጥቼ መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች በምሽግ ቅርጽ የተሠራ የሲጋራ መተርኮሻ፣ የሆጃ ፎቶ ያለበት ስኒ ሲሸጡ ሳይ ደሜ ፈላ። የመንግሥቱ ኃይለማርያም ፎቶ ያለበት የቡና ስኒ ቦሌ ላይ ቢሸጥ ምን እንል ነበር? ሻጩን ጠየቅሁት፣ ወጣት ነው፣ «እኔ ያኔ አልተወለድኩም፣ ጀርመኖቹ ይገዛሉ» አለኝ። መልስ ነው።

ፒራሚዱን ግን ወደድኩት። በ1988 የሆጃ ሙዚየም ሆኖ የተከፈተ ሕንጻ ነው፣ ከነደፉት ውስጥ የራሱ ልጅ አለችበት። ሥርዓቱ ሲወድቅ ለዓመታት ተጥሎ የሰፈር ልጆች በቁልቁለቱ ይንሸራተቱበት ነበር። በ2023 ታድሶ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች ደረጃ ተሠራለት፤ አሁን ማንም በነፃ ይወጣበታል፣ ውስጡ ልጆች ኮምፒውተር ይማሩበታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ውጡ። ለሱ ክብር የተሠራው ላይ ሕዝቡ በጫማው ቆሞ ሰልፊ ይነሳል። ከሙዚየሞቹ ሁሉ ይልቅ እዚህ ቀለል አለኝ።

በራት ላይ ያረፍነው በአሮጌው ሰፈር፣ ማንጋለም ነው። ከተማው በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ስታዩት ነጫጭ ቤቶች በተራራው ላይ ተደራርበው መስኮት በመስኮት ሆነዋል። የጌስት ሃውሳችን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ካየነው ጋር ዝምድና አለው፣ ግን የሩቅ ዝምድና ነው። ሰገነት የተባለው ጣሪያው ላይ ያለ ፕላስቲክ ወንበር ነው። ሙቅ ውኃው ለመጀመሪያው ሰው ይደርሳል፣ ለሁለተኛው ለብ ይላል፣ ሦስተኛ ሰው ካለ ጸሎት ያድርግ። ዋይፋይ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው። በቁጥር ብሰጥ ክፍሉ ከአምስት ሁለት ተኩል ነው።

ባለቤቷ ግን! ስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ በምልክትና በጣሊያንኛ ፍርፋሪ ተግባባን። ገና ሻንጣ ሳናስቀምጥ በትንሽ ሳህን በስኳር የተቀቀለ በለስ፣ ከጎኑ ውኃና የቱርክ ቡና መጣ። ግሊኮ ይሉታል፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ነው። እምቢ ማለት አይቻልም፤ የ«በሞቴ» አገር ሰው ይሄን ያውቃል። ጠዋት ደግሞ ሴትዮዋ በአምስት ጣታቸው ምግቡን ወደ አፌ ሊያደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ራኪ ይባላል የወይን አረቄያቸው፤ ጎረቤታቸው ሽማግሌው በቡና ሰዓት ቀድተው ሲያቀርቡልኝ ሰዓቴን አየሁ፣ ገና ረፋድ ነበር። ቀመስኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ከቀመስኩት ካቲካላ ያነሰ አይደለም፣ ጉሮሮ ላይ ያለው ጠባይ አንድ ነው። ለባለቤቷ አምስት ከአምስት፣ ስለዚህ አማካዩን ራሳችሁ አውጡት።

ላይ በከተማው አሮጌ ግንብ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል፣ በመሃሉም አሮጌ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በ1967 ሃይማኖት በሙሉ ተከለከለ፣ አልባኒያም እግዚአብሔር የለም የምትል የዓለም የመጀመሪያዋ መንግሥት ነኝ አለች፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም መጋዘንና ስፖርት አዳራሽ ሆነ፣ ካህናቱ ታሰሩ፣ የተገደሉም አሉ። ደርግ ይሄን ያህል አልሄደም። ስለዚህ በሠዓሊው በኦኑፍሪ ስም በተሰየመው ሙዚየም ውስጥ የ16ኛውን መቶ ዓመት ሥዕሎች ስታዩ መትረፋቸው ራሱ ይገርማል። ኦኑፍሪ በቀዩ ቀለም ነው የሚታወቀው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ዓይኗ ትልልቅ፤ ሥዕል ቤት ያየ ሰው ሳያውቀው አንገቱን ይሰብራል። የመግቢያው ሠራተኛ ማተቤን አይታ ፈገግ አለች። ከሙዚየሙ ውጭ ያሉት ትንንሾቹ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኛው ጊዜ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ያልኩት ይሄን ነው፣ ሰው ፈልጉ።

ከዚያው ከበራት ፊት ለፊት ያለውን የሽፒራግ ተራራ እዩት። በ1968 ግዙፍ ፊደል በድንጋይ ተደርድሮ ENVER (ኤንቨር) ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ የአምባገነኑ የመጀመሪያ ስም ነው፣ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ሆኖ የሚነበብ። ከሥርዓቱ መውደቅ በኋላ አንድ ሰው ወጥቶ ሁለት ፊደል አቀያየረና NEVER፣ በእንግሊዝኛ «በፍጹም» የሚል ቃል አደረገው። እንዲህ ያለ ሰው ለየአገሩ ይድረስ።

ምግቡ ላይ ጿሚዎች ተጠንቀቁ። እርጎና አይብ የሌለበት ነገር ጥቂት ነው። ታቨ ኮሲ በግ ሥጋ በእርጎና በእንቁላል ተጋግሮ የሚቀርብ ነው፣ ለፍስክ ቀን ይያዝ፣ ግሩም ነው። የቲራናው ፈርገሰ ቃሪያ፣ ቲማቲምና አይብ ነው፣ በዳቦ እየጠቀሱ መብላት ለኛ ሰው የተፈጠረ ነገር ነው። በጾም ቀን ፋሱለ በሉ፣ ነጭ ቦሎቄ ወጥ ነው፣ በርበሬ ብቻ ጎደለው እንጂ አንጀት ያርሳል። ሩዝ የተሞላ ቃሪያም አለ፣ ሥጋ ይኑርበት አይኑርበት ግን ጠይቁ። መንገድ ላይ ቢረክ ግዙ፣ ስስ ቂጣ ተደራርቦ በመሃሉ አይብ፣ ቅጠል ወይም ዱባ ያለበት፤ ጠዋት ትኩሱን ካገኛችሁ የቁርስ ነገር በማይረባ ገንዘብ ተፈታ። ትልቁ ጉድለታቸው ቅመም ነው፣ ሚጥሚጣችሁን በትንሽ ዕቃ ያዙ።

አንድ ቦታ ብቻ ተናድጃለሁ። ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ፣ ዕይታው የሚያምር ምግብ ቤት ነው፣ ስሙን ልተወው። ሜኑው ላይ ዋጋ የሌለው ዓሣ «ትኩስ ነው» ተብሎ መጣ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ድምር ብቻ። ዝርዝሩን ጠየቅሁ። አስተናጋጁ ሄደ፣ ቆየ፣ ሲመለስ ድምሩ በሦስተኛ ያህል ቀንሶ ነበር፤ ዝርዝሩ ግን አሁንም የለም። በኪሎ የሚሸጥ ዓሣ ከማዘዛችሁ በፊት ይመዘን፣ ዋጋው ይጻፍ። ተራ ሰው የሚበላበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ጥቁር ሆኖ መሄድስ? ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ያዩሃል። ዓይናቸውን አይሰብሩም፣ ልጆች ዞር ብለው ያያሉ፣ ገጠር ላይ አሮጊቶች እጄን ይዘው ፀጉሬን ጠየቁኝ። በክፋት አይደለም፣ ስድብ አልሰማሁም፣ ታክሲ እምቢ ያለኝ የለም፣ ሱቅ ውስጥ የተከተለኝ ጠባቂም የለም፤ ይሄን የምለው ጣሊያን ውስጥ ሁለቱንም የማውቅ ሰው ነኝ። መፍጠጥ የሚያስጨንቀው ሰው ግን ይወቀው።

ለማን ይሆናል? ትንንሽ ልጆች ይዞ ሁሉ ነገር በሰዓቱ እንዲሆን ለሚፈልግ ሰው ቲራናንና ባሕር ዳሩን ብቻ፣ በኪራይ መኪና። ለወጣት፣ ለጓደኛሞች፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ለሚፈልግ የአውሮፓ አበሻ ያለ ማመንታት። ሚያዝያና ግንቦት ወይም መስከረም ሂዱ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም ዋጋውም ይወጣል፣ ከውጭ የሚመለሰው ዲያስፖራቸው ደግሞ መንገዱን ይዘጋዋል፤ በ2023 ቆጠራ አገር ውስጥ የተገኘው ሰው 2.4 ሚሊዮን ብቻ ነው፣ ሌላው በየአገሩ ተበትኗል። የመመለሻ መርከቡን ቲኬት አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ የተረፋችሁን ሌክ ደግሞ እዚያው ጨርሱ ወይም ቀይሩ፤ ባሪ ላይ ማንም አይቀበላችሁም፣ የኔ 2000 ሌክ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የሚሄድ ሰው ካለ በዩሮ እሸጥለታለሁ።